ደጋግሞ «ኦፍላይን» የሚል የቢሮ ፕሪንተር እንዴት እንደሚስተካከል

ፕሪንተሩ በርቷል። ወረቀት አለው፣ ቶነርም አለው። ኮምፒውተሩ ግን «ኦፍላይን»፣ ማለትም ፕሪንተሩን አላገኘሁትም፣ ብሎ ድርቅ ይላል። ጠዋት ተስተካክሎ ነበር እኮ! መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና ያው።

የቢሮ ኮምፒውተርና ኔትወርክ ጥገና ነው ሥራዬ፤ በብዛት ከምጠራባቸው ችግሮች አንዱ ይሄ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ ሰዎች ደህናውን ፕሪንተር ተበላሸ ብለው ጥግ አስቀምጠው፣ አንዲት ደብዳቤ ለማሳተም ፍላሽ ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤት ለፎቶ ኮፒ ቤት ሲዞሩ ማየት ነው። ብዙ ጊዜ ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም። አድራሻው ተቀይሮ ነው። ይህን ደግሞ ባለሙያ ሳትጠሩ ራሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ።

መጀመሪያ፣ ማተም ያቃተው ማን ነው?

ዕቃ ከመነካካታችሁ በፊት ጠይቁ። ሁላችሁም ካቃታችሁ ችግሩ ፕሪንተሩ ወይም ኔትወርኩ ጋ ነው። ያቃተው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን ፕሪንተሩን ተዉት፣ የሰውየውን ኮምፒውተር እዩ። ላፕቶፑ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ወይም የራሱ ስልክ ሆትስፖት ላይ ሆኖ ይገኛል። ኢንተርኔት ስለሚሠራለት ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል፤ ፕሪንተሩ ያለበት ኔትወርክ ውስጥ ግን የለም።

ቀጥሎ ፕሪንተሩ ጋ ሂዱ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈ ካለ አንብቡት። ወረቀት ነክሶ ወይም ክዳኑ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆናል። በኬብል የሚሠራ ከሆነ ከኋላ የኔትወርክ ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ ላይ ትንንሽ መብራቶች አሉ። ካልበሩ ኬብሉን ነቅላችሁ «ቀጭ» እስኪል መልሳችሁ ሰኩት፣ ካልሆነም በሌላ ኬብል ሞክሩ። ጽዳት ሲደረግ ጠረጴዛው ሲገፋ ኬብሉ ላላ ብሎ ይቀራል።

ዋናው ጉዳይ፣ አድራሻው

ኔትወርክ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው፣ ለምሳሌ 192.168.1.23። ቁጥሩን የሚያድለው አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለቢሮው የሚያካፍለው ሳጥን፣ ነው፤ አሠራሩ ዲኤችሲፒ ይባላል። ግን የሚሰጠው በውሰት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ብዙ ትንንሽ ራውተሮች የቱን ቁጥር ለማን ሰጥተው እንደነበር አያስታውሱም፤ ስለዚህ ቀድሞ ለጠየቀ ይሰጣሉ፣ ፕሪንተሩም ሌላ ቁጥር ይደርሰዋል። ኮምፒውተራችሁ ግን አሁንም የድሮው ቤት ሄዶ ያንኳኳል። መልስ ሲያጣ ነው «ኦፍላይን» የሚላችሁ።

አንድ ቢሮ ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የወር መጨረሻ ነው፣ የደመወዝ ሊስት መፈረም አለበት። የፋይናንሷ እህታችን «ወንድሜ፣ ከጠዋት ጀምሮ እየላክሁ ነው፣ አንድም አልወጣም» አለችኝ። ከፕሪንተሩ ሜኑ የኔትወርክ ሪፖርት አሳተምኩ፤ 192.168.1.31 ይላል። ኮምፒውተሯ ላይ የተጻፈው ግን 192.168.1.23 ነው። ወደ 192.168.1.23 ፒንግ ሳደርግ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ «አለህ ወይ?» ብዬ ስጠይቅ፣ መልስ መጣ! ለካ ያ ቁጥር ለአንድ ሠራተኛ ስልክ ተሰጥቷል። ስለዚህ ፒንግ መለሰ ማለት ፕሪንተሩ መለሰ ማለት አይደለም፤ ሪፖርቱን አሳትማችሁ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስተያዩ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ፕሪንተሩ ላይ ሴቲንግ ወይም ሪፖርት ከሚለው ውስጥ የኔትወርክ ወይም የኮንፊገሬሽን ገጹን አሳትሙ። ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ፕሪንተሩ ራውተሩን አላገኘውም ማለት ነው፤ ሲያጣ ለራሱ የሰጠው ቁጥር ነው። መብራት ሲመጣ ፕሪንተሩ ከራውተሩ ቀድሞ ሲነሳ ይሄ ያጋጥማል። ራውተሩ እስኪነሳ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ አብሩት።

ቁጥሩ ትክክለኛ ሆኖ ግን ከኮምፒውተሩ የተለየ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ የሚለውን ክፈቱ። ፕሪንተራችሁን መርጣችሁ ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡ፤ «ፕሮፐርቲስ» ብቻ ከሚለው ጋር እንዳታምታቱት። ከዚያ ፖርትስ የሚለውን ንኩ። ምልክት የተደረገበት ፖርት ነው ኮምፒውተሩ አሁን የሚያንኳኳው አድራሻ። አድ ፖርት፣ ከዚያ ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ፖርት በሉና አዲሱን ቁጥር ጻፉ። በ«ዳብልዩ ኤስ ዲ» የሚጀምር ፖርት ካገኛችሁም በዚሁ ቀይሩት። እሱ ፕሪንተሩን በራሱ የሚፈልግ ዓይነት ነው፤ ሲያገኘው ጥሩ፣ ከጠፋበት ግን በእኔ ልምድ ቶሎ አይመለስም።

ፖርቱን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ወረፋ የያዘውን ሥራ ሰርዙ። ይህን አደራ የምለው በምክንያት ነው። ሰው አልወጣልኝም እያለ አንዱን ፋይል አሥር ጊዜ ይልካል፤ መስመሩ ሲከፈት ሁሉም አንድ ላይ ይጎርፋል። ወረቀትና ቶነር ማባከኑ ሳያንስ፣ የደመወዝ ሊስት ከሆነ ደግሞ የሰው ገቢ የጋራ ፕሪንተር ላይ ተዘርግቶ ይቀራል።

አልሰረዝም ካለ ሰርቪስስ የሚለውን ከፍታችሁ ፕሪንት ስፑለርን፣ ማለትም የሚታተመውን ሥራ ወረፋ የሚያስይዘውን ፕሮግራም፣ አቁሙ። ከዚያ ዊንዶውስ ፎልደር፣ ሲስተም 32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ብላችሁ ግቡና ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ብቻ አጥፉ፤ ፎልደሩን ራሱን አትንኩት። ስፑለሩን መልሳችሁ አስነሱ። ለዚህ የአድሚን ፈቃድ ያስፈልጋል።

እንዳይደገም

እስካሁን የሠራነው ለዛሬ ነው። መብራት ነገም ይሄዳል። ስለዚህ ለፕሪንተሩ የማይቀየር አድራሻ ስጡት። ይመረጣል የምለው ራውተሩ ላይ ማስያዝን ነው፤ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ሪዘርቬሽን የሚለው ላይ የፕሪንተሩን ማክ አድራሻ ትጽፋላችሁ፣ ቁጥሩን ለሌላ አይሰጥም። ማክ አድራሻ ማለት የዕቃው የራሱ መለያ ቁጥር ነው፤ ያሳተማችሁት ሪፖርት ላይ አለ። ኬብልና ዋይፋይ የተለያየ ማክ አድራሻ ስላላቸው የምትጠቀሙበትን ውሰዱ። ራውተሩን የምታዩበት ፓስወርድ ከሌላችሁ ፕሪንተሩ ላይ ራሱ ማኑዋል ብላችሁ መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ ግን ራውተሩ ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጭ የሆነ ምረጡ፣ አለበለዚያ ሁለት ዕቃ አንድ ቁጥር ይዞ ይጋጫል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ካላችሁ ራውተሩንና ስዊቹን (የኔትወርክ ኬብሎች የሚሰኩበትን ሳጥን) እሱ ላይ ሰኩ። ሌዘር ፕሪንተር ግን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ እንዳትሰኩ። ወረቀቱን የሚያሞቀው ክፍል ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱ አይችለውም፣ ሌላውንም ይዞ ይጠፋል።

አድራሻው ትክክል ሆኖ አሁንም «ኦፍላይን» ካለ

ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የወረፋው መስኮት ላይ «ዩዝ ፕሪንተር ኦፍላይን» የሚል ካለና ምልክት ካለበት አንሱት። ሁለተኛው ብዙ ሰው አያውቀውም። ፖርትስ ውስጥ ኮንፊገር ፖርት ስትሉ ከታች «ኤስኤንኤምፒ ስታተስ ኢኔብልድ» የሚል ሳጥን አለ። ዊንዶውስ የፕሪንተሩን ሁኔታ የሚጠይቅበት መንገድ ነው። ፕሪንተሩ ለዚህ ጥያቄ መልስ ካልሰጠ፣ ማተም እየቻለም ኦፍላይን ተብሎ ይቀራል። ምልክቱን አንሱና ኦኬ በሉ።

ፕሪንተራችሁ በዩኤስቢ አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሼር የተደረገ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ኮምፒውተር ሲጠፋ ወይም ስሊፕ ሲያደርግ ሁላችሁም ማተም ታቆማላችሁ። ሰውየው ምሳ ሲወጣ ነው ችግሩ የሚጀምረው። ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ስሊፕን ኔቨር አድርጉት። ፕሪንተሩ የኔትወርክ መሰኪያ ካለው ግን ለምን በሰው ኮምፒውተር ታስቸግራላችሁ? በኬብል ቀጥታ ስዊቹ ላይ ሰኩት።

ሁሉንም ስትጨርሱ አድራሻውን በትልቁ ጽፋችሁ ፕሪንተሩ ፊት ላይ በፕላስተር ለጥፉት። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ሠራተኛ ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ ቁጥሩን አይቶ ራሱ ያስገባዋል።