ጋራዥ የከረመች መኪና ስትረከቡ

ላንድ ክሩዘሬ አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ገብታ ሰባት ወር ከረመች። «ጋሼ፣ አልቃለች፣ ይምጡ» ብለው ሲደውሉልኝ ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነሳሁ። እንደ ሙሽራ ታጥባ ጠበቀችኝ። ቀሪውን ሒሳብ ከፍዬ፣ መርቄ ወጣሁ። እናንተ እንደኔ አታድርጉ። ከመክፈላችሁ በፊት ቁጠሩ።

መኪናችሁ እንደኔዋ ብዙ ነገር የተጨመረባት ከሆነች ችግሩ ይብሳል። ሊብሬው ላይ ሁለተኛ ባትሪ፣ ዊንች፣ ፖርቶ መጋላ የሚል የለም። ምን እንደነበራት የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ስለዚህ ስታስገቡ ፎቶ አንሱ፣ ዕቃውን በዝርዝር ጻፉ፣ ተረካቢውን አስፈርሙ። እኔ አልጻፍኩም። ያዳነኝ የልጄ የምረቃ ፎቶ ነው። ጋዋኗን ለብሳ መኪናዋን ተደግፋ ስትነሳ፣ የፊት ጎማው መሐል ላይ ያለው፣ ፎር ዊል ለማስገባት በእጅ የሚዞረው መቆለፊያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በቦታው ተራ ክዳን ገጥመውበት ነበር።

ጎማም ይለወጣል። ጎኑ ላይ DOT ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች መዝግቡ። 3114 ካለ በፈረንጆች 2014፣ በ31ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አዲስ ጎማ አስገብታችሁ ይህን ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

በዓይን የማይታየው ግን ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ማለት ነው። «ለኛ አገር አያስፈልግም» ብለው አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮች አሉ። እስቲ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ላይ፣ ውርጭ በመታው ጠዋት መጥተው ያስነሷት! የኔዋን ያወቅሁት ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ነው። የሙቀት መርፌው ተንሸራትቶ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ተኛ። ያልሞቀ ሞተር ናፍጣ ይጠጣል፣ ቶሎም ያልቃል።

እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በጠዋት ሂዱና «ሳልመጣ እንዳታስነሷት» በሉ። ሞተሩ እንደተነሳ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን የላይኛውን ጎማ ቱቦ ንኩ፤ ከፋኑ ግን እጃችሁን አርቁ። ቴርሞስታት ካለ ቱቦው ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ውሃው 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በአንዴ ይሞቃል። ከመጀመሪያው ቀስ በቀስ ለብ እያለ ከሄደ የለም ማለት ነው።

አሮጌውን ዕቃም ጠይቁ። «ለወጥነው» ያሉትን ሁሉ ያሳዩአችሁ።

የጎደለ ካገኛችሁ ጩኸት አያዋጣም። ባለቤቱን ለብቻ ጠርታችሁ ፎቶውን አሳዩት። በሠራተኞቹ ፊት ካዋረዳችሁት ይክዳል። እኔ ተመልሼ ሄጄ ፎቶውን ሳሳየው «ልጆቹ ይሆናሉ» አለ። ከዚያ ከመሳቢያው ሁለቱን መቆለፊያዎች በጋዜጣ እንደተጠቀለሉ አወጣ! ሁለተኛዋ ባትሪ ግን እንደወጣች ቀረች። ገንዘቡ እጄ ላይ ቢሆን ኖሮ እሷም ከአንዱ መሳቢያ ትወጣ ነበር።

ስትመለሱ ሰንዳፋ ላይ ቁሙና የጎማ ዳዶዎቹን በመፍቻ ሞክሩ። የኔዋ የግራ ኋላ ጎማ ላይ ሁለቱ በእጅ ይዞሩ ነበር።