በቤት የተሠራ ክራር ዝዝ ሲል

ራሳችሁ በሠራችሁት ክራር ላይ አንዱ ክር ዝዝ እያለ ካስቸገራችሁ፣ ክሩን ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ብርኩማውን፣ ማለትም በክራሩ ቆዳ ላይ ቆሞ ክሮቹን የሚሸከመውን እንጨት፣ እዩት።

የበገና ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አስቡ። በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል፤ አውታሩ ሲርገበገብ እሱን እየነካካ ያን ግርማ ያለው ነዛሪ ድምፅ ይሰጣል። የክራራችሁ ብርኩማ አናቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነም ክሩ እንጨቱን እየነካካ እንደዚያው ይነዝራል። ለበገና ውበት ነው፤ ለክራር ግን ቅኝቱን ያደበዝዘዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክሩን አላልታችሁ የሚያርፍበትን ቦታ በቀጭን ሞረድ ፈር አውጡለት። ወደ ቀንበሩ (ክሮቹ ከላይ ወደሚጠመጠሙበት አግዳሚ እንጨት) የሚያየው ጠርዝ ከፍ ይበል፣ ከዚያ ክሩ ወደሚታሰርበት ወደ ታች ያዘቅዝቅ። ክሩ አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ማረፍ አለበት። ፈሩ ከክሩ ውፍረት ግማሽ አይለፍ፤ ጠልቆ ክሩን ከዋጠው ድምፁ ይታፈናል። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱትና መልሳችሁ ቃኙ።

አሁንም ካልጠፋ ሌሎቹን ክሮች በመዳፋችሁ ያዙና ያንኑ እየመታችሁ የክሩን ትራፊ ጫፍ፣ ቋጠሮውንና መቃኛውን በየተራ በጣት ንኩ። ስትነኩት ዝም ካለ ጥፋቱ እዚያ ነው፤ ትራፊውን ቁረጡ፣ የላላውን አጥብቁ። በክረምት ደግሞ ቆዳው እርጥበት ስቦ ይላላል፣ ብርኩማውም አብሮ ዝቅ ይላል። ጥቂት ፀሐይ አሙቁት እንጂ እሳት አጠገብ አታስጠጉት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል።