የባሕር ወለል ደለልን በሶናር ማጥናት፦ የቀይ ባሕር አሠራር

በምርምር መርከብ ላይ ሆኖ የባሕር ወለል ደለልን ለማጥናት ሁለት ዓይነት ሶናር፣ ማለትም ድምፅ ልከው ተመልሶ የሚመጣውን ማሚቶ የሚቀበሉ መሣሪያዎች፣ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ባለብዙ ጨረሩ የወለሉን ቅርጽና የሚመልሰውን ድምፅ ጥንካሬ ይመዘግባል፤ ከ2 እስከ 7 ኪሎኸርዝ ባለው ዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚሠራው ሌላው ደግሞ ድምፁን ወደ ደለሉ አስርጎ ከሥር የተደራረበውን ያሳያል። አሠራሩን በቀይ ባሕር ማስረዳት የመረጥሁት እዚያ ትንሽ ቸልተኝነት እንኳ በካርታው ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ድምፅ በውሃው ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ይለካል። የቀይ ባሕር ጥልቅ ውሃ ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ ጨዋማነቱም በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 40 ግራም ያህል በመሆኑ፣ ድምፅ በተለምዶ ከሚወሰደው 1500 ሜትር በሰከንድ ፈጥኖ ይጓዝበታል። አማካዩ ፍጥነት 1545 ሆኖ ሳለ በ1500 ያሰላ ባለሙያ 2000 ሜትር የሆነውን ጥልቀት ወደ 58 ሜትር አሳንሶ ይመዘግባል። ስለዚህ የሙቀትና የጨዋማነት መለኪያው በገመድ እስከ ወለሉ አቅራቢያ ይውረድ። ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ይህን መዝለል ፈጽሞ አልመክርም፤ ለጥ ያለው ሜዳ ግራና ቀኝ ጫፉ ተጎንብሶ ወይም ቀና ብሎ ከታየ ልኬቱ ወዲያውኑ መደገም አለበት።

የጉዞ መስመሮቹ ትይዩ ይሁኑ፤ የአንዱ ሽፋን ጠርዝም በሚቀጥለው ላይ ይደረብ። ጨረሮቹ 120 ዲግሪ ሲዘረጉ የሽፋኑ ስፋት የጥልቀቱን ሦስት እጥፍ ተኩል ያህላል። መርከቡ ሲፈጥን ከቀፎው ሥር የሚያልፈው የአየር አረፋ ድምፁን ስለሚያፍን ፍጥነቱ ይቀንስ፤ መርከቡ ሲዞር የተመዘገበውም ለትንተና አይዋል።

ንባቡ ብዙ ማስተዋል ይፈልጋል። ድምፁ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ፣ ከወለሉ ማሚቶ 40 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ የመጣ ማሚቶ በለስላሳ ጭቃ ውስጥ 30 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለን ንብርብር ያመለክታል። ጭቃ ደካማ፣ ጠጠርና አለት ግን ጠንካራ ማሚቶ መመለሳቸው የተለመደ ነው። ሆኖም በቀይ ባሕር ከለስላሳው ጭቃ ሥር የሚታየው ደማቅ መስመር ሁልጊዜ አለት አይደለም፤ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የውቅያኖሶች ከፍታ 120 ሜትር ያህል ሲወርድ በባሕሩ ደቡባዊ መግቢያ በባብ ኤል መንደብ በኩል የሚገባው ውሃ ስላነሰ፣ ጨዋማነቱ ንሮ በወለሉ ላይ ጠንካራ የኖራ ቅርፊት ተፈጥሯል።

ይህን ከአለት የሚለየው ናሙና ብቻ ነው። በራሱ ክብደት ወደ ደለሉ የሚሰምጠው ቱቦ በተመረጠው መስመር ላይ ይጣል። ሲወጣም ከመታጠቡ በፊት በውጭ በኩል ጭቃ የነካው ከፍታ ይለካ፤ ደለሉ በቱቦው ውስጥ ሊታመቅ ስለሚችል ከናሙናው ርዝመት ጋር ያለው ልዩነት ካልተመዘገበ ንብርብሮቹን ከሶናሩ ምስል ጋር በትክክል ማዛመድ አይቻልም።