ሦስት ፊደል ጻፍኩ፤ ፕሮግራሙ ሰባት ቆጠረ

ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ስጀምር ለራሴ የሰጠሁት ሥራ ቀላል ነበር፤ ነጥብ እስኪመጣ ድረስ ከኪቦርድ የሚገባውን ፊደል የሚቆጥር ፕሮግራም። 1 ጻፍኩና ኢንተርን ተጫንኩ፤ 2 ጻፍኩና ኢንተርን ተጫንኩ፤ በመጨረሻ ነጥብና ኢንተር። መልሱ 7 ሆነ። ሌሊቱን መደመሩን ስመረምር አደርኩ፤ ስሕተቱ ግን እዚያ አልነበረም።

ዛሬ ጀማሪ ሲያማክረኝ አስቀድሜ የማስጽፈው የሚከተለውን ነው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት በእኛ ፊደል አስቀምጫቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ይጻፋሉ። «ፊ» የቻር ዓይነት (ለአንድ ፊደል የታሰበ) ተለዋዋጭ ነው።

ሪፒት
   ሪድ(ፊ);
   ራይትለን(ኦርድ(ፊ));
አንቲል ፊ = '.';

«ኦርድ» የፊደሉን ኮድ ይሰጣል። በዊንዶውስ ላይ ባለ ፍሪ ፓስካል (የፓስካልን ጽሑፍ ወደሚሠራ ፕሮግራም በሚቀይረው ሶፍትዌር) የእኔን ግቤት ብትደግሙት 49፣ 13፣ 10፣ 50፣ 13፣ 10፣ 46 ይታተማል። 49 የ1፣ 50 የ2፣ 46 የነጥብ ኮድ ነው። 13 እና 10 ኢንተር ናቸው። ሰባቱ ተገኙ! በሊኑክስ ኢንተር 10 ብቻ ስለሆነ ድምሩ 5 ይመጣል።

ምክንያቱን በደንብ ያዙት። የምትጽፉት ኢንተር እስክትጫኑ ድረስ ወደ ፕሮግራሙ አይደርስም። ከተጫናችሁ በኋላ መስመሩ፣ ኢንተሩም ጭምር፣ ይሰለፋል፤ «ሪድ» በየዙሩ ከፊት ያለውን አንዱን ብቻ ይወስዳል፤ የቀረው ተራውን ይጠብቃል። ፕሮግራም «መቀጠል ይፈልጋሉ?» ብሎ መልሱን በ«ሪድ» ሲቀበል፣ ጥያቄው በዊንዶውስ ለአንድ መልስ ሦስት ጊዜ የሚደጋገመው በዚህ የተነሣ ነው። ከመስመሩ አንድ ፊደል ብቻ ከፈለጋችሁ «ሪድለን(ፊ)» በሉ፤ የመጀመሪያውን ወስዶ ቀሪውን እስከ መስመሩ መጨረሻ ይጥለዋል።

መስመሩን በሙሉ ፊደል በፊደል ማንበብ ሲያስፈልግ ደግሞ፦

ዋይል ኖት ኢኦኤልኤን ዱ
ቢጊን
   ሪድ(ፊ);
   ቁ := ቁ + 1;
ኤንድ;
ሪድለን;

«ኢኦኤልኤን» ቀጣዩ የመስመር ማብቂያ ከሆነ እውነት ይመልሳል፤ ስለዚህ ኢንተር አይቆጠርም። ከሉፑ (ከሚደጋገመው ክፍል) በፊት ቆጣሪውን «ቁ»ን 0 አድርጉት። የመጨረሻዋን «ሪድለን» እንዳትረሱ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ያለ እርሷ ማብቂያው ከሰልፉ ፊት እንደ ቆመ ይቀራል፤ ሌላ መስመር ለማንበብ ስትመለሱ ሉፑ አንድም ፊደል ሳያነብ ያልፋል። ከ«ዱ» ቀጥሎም ነጠላ ሰረዝ ያለበት ነጥብ (;) አታስገቡ፤ የሉፑ ሥራ ባዶ ይሆንና ፕሮግራሙ እዚያው ይሽከረከራል።

ቁልፍ እንደተነካ ወዲያው የሚሰማ ፕሮግራም ከፈለጋችሁ «ሲአርቲ» ከሚባለው ዩኒት (ዝግጁ የትእዛዞች ስብስብ) «ሪድኪ»ን ተጠቀሙ። የቀስት ቁልፎች መጀመሪያ 0፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ኮድ ስለሚልኩ ሁለት ጊዜ አንብቡ።

በአማርኛ ለመሞከር መጓጓታችሁ አይቀርም፤ ሞክሩት። በሊኑክስ «ሀ» ብትጽፉ 225፣ 136፣ 128 ይወጣል። ቻር አንድ ባይት ብቻ ይይዛል፤ የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የማስቀመጫ ስልት) ሦስት ባይት ነው። «ሰላም» 9 ሆኖ እንዳይቆጠር ኮዱ ከ128 እስከ 191 ሲሆን (የፊደሉ ሁለተኛና ሦስተኛ ባይት ነው) «ቁ»ን አትጨምሩ፤ ያን ጊዜ 3 ይመጣል።