ክኒን በፕላስቲክ ብልቃጥ ካልሆነ በምን ይቀመጥ?

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር የሚንሳፈፈውን ፕላስቲክ አይታችሁ "የእኔስ የመድኃኒት ብልቃጥ የት ይሆን የሚገባው?" ካላችሁ መላ አለው። መጀመሪያ ግን መድኃኒቱ የሚፈራውን እወቁ፤ እርጥበት ነው፣ ብርሃን ነው፣ ሙቀት ነው? የፋርማሲ ባለሙያውን ሳትጠይቁ ከፋብሪካ ማሸጊያው አታውጡት።

እኔን ብትጠይቁኝ አንደኛው ብሊስተር፣ ማለትም ክኒኖቹ በየጎድጓዳቸው የታሸጉበት ዝርግ ማሸጊያ ነው። እሱም ያው ፕላስቲክ አለበት፣ ግን እያንዳንዷ ክኒን ለብቻዋ ስለታሸገች ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። ግማሹን ቆርጠው ሲሰጧችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ብዙ ጊዜ አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሚታተም ያ ጫፍ ለሌላ ሰው ሊደርስ ይችላል። "ቀኑን ጻፉልኝ" በሉ፣ ምንም አያሳፍርም።

ከትልቁ ዕቃ ተቆጥሮ የሚሰጣችሁ ከሆነ፣ ለሦስት ለአምስት ቀን ንጹሕ የወረቀት ፖስታ ይበቃል። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ አወሳሰዱና ቀኑ በሚነበብ ጽሑፍ ይስፈርበት። ክረምት ላይ ግን ሐዋሳ ውስጥ ወረቀት ብዙ አይታመንም። አስፕሪን እርጥበት ሲነካው ይበላሽና አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ እንዲያ ከሸተታችሁ አትዋጡት።

የግፊት መድኃኒት ዓመቱን ሙሉ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ቡናማ የጠርሙስ ብልቃጥ ጥሩ ነው፣ መድኃኒቱ ከማሸጊያው መውጣት የሚችል ከሆነ ማለቴ ነው። ቡናማነቱ ብርሃን ለመከላከል ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ዘቅዝቃችሁ ጠብታ እስኪጠፋ አድርቁት፣ የድሮውን ወረቀት ላጡት። የሳል ሽሮፕ የሚል ጽሑፍ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ የግፊት ክኒን? አይሆንም! ፋርማሲው ይዛችሁት በሄዳችሁት ብልቃጥ አልሞላም ካለ አትጨቃጨቁ፣ ብክለት ፈርተው ነው።

የልብ ሕመምተኞች ከምላስ ሥር የሚያደርጉት ናይትሮግሊሰሪን በብልቃጥ ከመጣ ከዚያው ጠርሙስ ፈጽሞ አይወጣም፤ ይተናል፣ ፕላስቲክም ይመጠዋል። ወረቀት ውስጥማ አይታሰብ።

ለመያዣ የጨርቅ ቦርሳ ያዙ፣ ፌስታል እንደሆነ በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ ተከልክሏል።

ልጆች ያሉበት ቤት ግን ወረቀትም ጠርሙስም አያስተማምንም፤ ሁሉንም ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፈሳሽ መድኃኒት በሃይላንድ መገልበጥ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።