የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ፍላሽ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ መጽሐፌ ጠፋብኝ» አሉኝ። ፋይሉ አልጠፋም ነበር፤ ከ400 ገጽ በላይ ሆኖ እዚያው ፍላሹ ላይ አለ። ስከፍተው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ብሎ ወጣ። የተጻፈበት ኮምፒውተር መብራት መጥቶ ሲሄድ ተቃጥሏል፤ ፎንቱም (የፊደሉን መልክ የያዘው ፋይል) አብሮት ሄዷል። የፎንቱን ስም የሚያውቀው በኮምፒውተር የጻፈላቸው ወጣት ነው፤ እሱ ደግሞ የት እንዳለ አይታወቅም።

እንዲህ ያለ ፍላሽ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን በትርፍ ሰዓታችን የድሮ ጽሑፎችን ወደ ኮምፒውተር እናስገባለን፤ አማርኛ ዊኪፔዲያ ላይም እንጽፋለን። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ነገር እደግማለሁና፣ እስቲ ልጻፈው።

በድሮ ፎንት መጻፍ። ይህን ለምኜ ነው የምናገረው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። እናንተ «ሰ»ን ታያላችሁ፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ሲሆን፣ የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አደረገው። ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለሄደ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ያኔ ሌላ መንገድ አልነበረም። እነዚያን ፎንቶች የሠሩልን ሰዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው።

ነገር ግን ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የግዕዝን ፊደል ያስገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ሲወጣ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ ስማርት ስልኮቻችን አማርኛ ያነባሉ። ታዲያ ለምንድን ነው እስካሁን በድሮው የሚጻፈው? «እጄ ለምዶታል» ይሉኛል። «ሲታተም ያው ነው» ይሉኛል። ወረቀት ላይ አዎ፣ ያው ነው። ፋይሉ ውስጥ ግን አንድም የአማርኛ ቃል የለም! ቃል ፈልጋችሁ አታገኙም። ስም ዝርዝር በፊደል ተራ አይደረደርም። ስልክ ላይ አይነበብም። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብላቸው ሶፍትዌርም ትርጉም የሌለው ድምፅ ያሰማቸዋል። ፒዲኤፍ ብታደርጉትም ለዓይን ያምራል እንጂ፣ ኮፒ ስታደርጉት ያው ዝብርቅርቅ ነው።

የእናንተን ለማወቅ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። ካልወጣ፣ ፎንቱ ኮምፒውተራችሁ ላይ እያለ ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ ለውጡት።

የመምህሩ ልጅ ዘንድ ታትሞ የቀረ 12 ገጽ ተገኘ። ያንን ከዝብርቅርቁ ጋር እያስተያየን የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ሠንጠረዥ ሠራን። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እንደ «ኈ» ያሉ አልፎ አልፎ የሚመጡ ፊደሎች 12ቱ ገጽ ላይ አልነበሩም። መምህሩ አጠገቤ ተቀምጠው ከዓረፍተ ነገሩ እየገመቱ ነገሩኝ።

አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥብ መሥራት። «፡፡» ወይም «::» እና «።» ለዓይን ይመሳሰላሉ። የመጨረሻው ግን አንድ ምልክት ነው፤ ሌሎቹ ሁለት ናቸው። መስመር ሲሞላ አንዱ እላይ ቀርቶ ሌላው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ኪቦርዳችሁ ላይ «።» አለ፤ ፈልጉት።

የሰውን ሆሄ «ማረም»። «ፀሐይ» የምትለው ቃል በ«ፀ» እና በ«ጸ»፣ በ«ሀ»፣ በ«ሐ» እና በ«ኀ» ብቻ 6 መልክ አላት። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአንዱ የተጻፈ ርዕስ በሌላው ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። መፍትሔው ዊኪፔዲያ ላይ «መምሪያ መንገድ» የሚባለው ነው፦ በሌላው ሆሄ የፈለገ ሰው ወደዚያው ገጽ ይወሰዳል። እኔ ስጀምር ይህን አላውቅም ነበር። የሰው ጽሑፍ ውስጥ እየገባሁ «ሰ»ን ወደ «ሠ» ስቀይር እውል ነበር። አንድ ጎበዝ ጸሐፊ በዚህ አዝኖ ትቶን ሄደ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የማሽን ትርጉም ሳያነቡ መለጠፍ። አዲሶቹ ልጆች ይህን የሚያደርጉት ከጉጉት ነው፤ ጉጉታቸውን እወደዋለሁ። በቀን አሥር ጽሑፍ ያስገባ ልጅ ነበረን። አንዱን ስከፍት ሰዎች «የወንዙ ባንክ ላይ» ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ የእንግሊዝኛው ቃል የወንዝ ዳርም ማለት ነው። በሳምንት አንድ ጽሑፍ፣ ግን ጮክ ብሎ ተነብቦ አንደበት የማይሰብር፣ ከአሥሩ ይሻላል።

የቅጂ መብት ካለው መጽሐፍ እንዳለ መገልበጥም አይቻልም።

የብራና ወይም የደብተር ፎቶ በቴሌግራም «በፎቶ» መላክ። ቴሌግራም ፎቶውን ያሳንሰዋል፤ ደቃቅ ጽሑፍ ይደበዝዛል። «በፋይል» ላኩት።

አንድ ኮፒ ብቻ መያዝ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሦስት የቆዩ የእጅ ጽሑፍ ደብተሮችን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተን አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥን። እኔ ሌላ ኮፒ ያለ መስሎኝ ዲስኩን ፎርማት አደረግሁት። አልነበረም። ሁለቱን ደብተሮች እንደገና አነሳናቸው። የሦስተኛው ባለቤት ግን ቤት ሲቀይሩ ደብተሩ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ኮፒ እንይዛለን፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቤት።

የጋራን ሥራ በአንድ ሰው ስም ማስመዝገብ። የቃላት ዝርዝር የምንሰበስብበት ድረ ገጽ ነበረን። ዶሜኑ (የድረ ገጹ ስም) የተመዘገበው በአንድ ጓደኛችን ኢሜይል ነው። ልጁ ወደ ውጭ ሄደ፤ ኢሜይሉን መክፈት ተወ፤ የክፍያ ማስታወሻው ሁሉ እዚያው ቀረ። እኛ የነቃነው ገጹ አልከፍት ሲል ነው። ልጁን ፈልገን ስናገኘው ደነገጠ፤ ወዲያው ሊከፍል ሞከረ። ስሙ ግን በሌላ ሰው ተይዞ ነበር። ዝርዝሩ ራሱ የተረፈው አንዷ አባላችን በየወሩ ላፕቶፗ ላይ ስለምታወርደው ነው። አሁን የአዲሱ ዶሜን የይለፍ ቃል ሦስት ሰው ዘንድ አለ። አንዱ የሚኖረው ጎንደር ነው፤ የክፍያውን ቀንም ከወር በፊት የሚያስታውሰን እሱ ነው።