ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እጅ መታጠብ በቤት ውስጥ ማስተማር

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከከፈቱ ወዲህ በአዲስ አበባ ሌሎችም ተከትለዋል፤ ቁጥራቸው ግን አሁንም ጥቂት ነው። ባለሙያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ ቢመጣልን እንኳ እጅ የሚታጠበው በየቀኑ ስለሆነ አስተማሪዎቹ እኛው ነን። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከልጄ ጋር ተሳስቼ የተማርኩትን እነሆ።

መጀመሪያ ሥራውን በታትኑት፦ ቧንቧ መክፈት፣ እጅ ማርጠብ፣ ሳሙና መያዝ፣ ማሸት፣ መለቅለቅ፣ መዝጋት፣ በፎጣ ማድረቅ። ለጥቂት ቀናት ሳትረዱት ተመልከቱና ብቻውን የሚችለውን ምልክት አድርጉ። የስልክ መመዝገቢያዎችን ሞክሬ ትቻለሁ፤ እጅ አረፋ በአረፋ ሲሆን የሚያዋጣው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀትና እርሳስ ነው።

ሽልማቱ የሚወደው ነገር ይሁን፤ ለልጄ ዳቦ ቆሎ ነው። ወዲያውኑ ይሰጥ፣ በሌላ ሰዓት ደግሞ አይገኝ። አክስቱ «ምን አለበት» እያለች ኪሱን የሞላችለት ሳምንት እንዲሁ ባከነ።

ከመጨረሻው ጀምሩ። ስድስቱን እየረዳችሁት ማድረቁን ለእሱ ተዉለት፤ ሽልማቱን የሚያገኘው ራሱ በሠራው ላይ ነው። ማድረቁን ሲችል መዝጋቱን ጨምሩለት፤ እንዲህ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

ዋናው ጣጣ እርዳታውን መቀነስ ላይ ነው። ከኋላው ቆማችሁ እጁን በእጃችሁ ምሩ፤ አፋችሁን ግን ዝጉ። እኔ «ሳሙና ያዝ፣ እሽት፣ እሽት!» እያልኩ ሁለት ወር ለፈለፍኩ። ሁሉንም ቻለልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ አንድ ቀን በሩ ላይ ዝም ብዬ ቆምኩ። ውሃው እየወረደ መዳፉን ዘርግቶ ቀረ፤ ዞር ብሎም አፌን አየ። ለካ የለመደው መታጠብ ሳይሆን የእኔን ትእዛዝ መጠበቅ ኖሯል።

እጅ ደረጃ በደረጃ ይሸሻል፦ ከእጅ አንጓ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ትከሻ፣ ከዚያም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ቃል ግን ወይ ይባላል ወይ አይባልም፤ እንደ እጅ በቀላሉ አይሸሽም። በእያንዳንዱ ደረጃ ሦስት ቀን ሳይሳሳት ካለፈ ቀጥሉ፤ ከተደናገረ በዝምታ አንድ ደረጃ ተመለሱ። የእኔን ልፍለፋ ለማስረሳት አራት ወር ፈጅቷል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካንና ጆግም የትምህርቱ አካል ናቸው። ቧንቧው አየር ብቻ የተነፈሰ ዕለት ልጄ ደጋግሞ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከዚያም ጮኸ። ስለዚህ ውሃ እያለም አልፎ አልፎ በጆግ አስታጥቡት። ቅደም ተከተሉን እንዲያሳዩት የምትለጥፏቸው ሥዕሎችም የራሳችሁ ቧንቧና የራሳችሁ ጆግ ፎቶ ይሁኑ።

ልጁ ራሱን የሚነክስ ወይም ጭንቅላቱን የሚያጋጭ ከሆነ ግን አቁሙና ባለሙያ አማክሩ።

አያቱ ቤት ያለው ሳሙና ፈሳሽ ነው፤ እሱን ገና አልጀመርንም።